ክሱ በተበዳይ እጅ ሲሆን

እንደምን አመሻችሁ። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከሥራ ውላችሁ ደክሟችሁ ሳለ ይህን ከባድ ርእስ ለመስማት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እንድናገር የተጠየቅሁት የምንኖርበት አገር የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች ለወሲባዊ ጥቃትና ከጥላቻ ለሚነሣ ጥቃት ምን መልስ እንደሰጡ ነው። የአገራችንን ሕግ ሳነሣ ካልሆነ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር። አሰቃቂ ነገር ሲደርስ ሕዝብ ይቆጣል፤ የሕዝብ እንደራሴዎችም ቁጣውን ሰምተው ቅጣቱን ከፍ ያደርጋሉ። አምስት ዓመት የነበረው ዐሥር ይሆናል፣ ዐሥር የነበረው ዕድሜ ልክ ይሆናል። ቅጣት አያስፈልግም አልልም። ሆኖም አንድ ሕግ ሲወጣ እኔ ቀድሜ የምፈልገው ክስ መመሥረት የሚችለው ማን እንደሆነ የሚናገረውን አንቀጽ ነው። ፖሊሱ ካላመነ፣ ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ከዘጋ፣ ተበዳዩ ራሱ ዳኛ ፊት የሚቆምበት መንገድ አለው ወይስ የለውም? «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚል ሕዝብ ልጆች ነን። የእኛ ሰው ሙግት ያውቃል፤ የተበደለ ሰው ራሱ ቆሞ መሟገት እንዳለበትም ያውቃል።

ከእኛው ሰው ልጀምር። ሙሉጌታ ሥራው ለትምህርት ወደ አሜሪካ የመጣ፣ በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ የሚኖር የ28 ዓመት ወጣት ነበር። ኖቬምበር 13 ቀን 1988 ሌሊት ጓደኞቹ በመኪና ወደ ቤቱ ባደረሱት ሰዓት ስኪንሄድ የሚባሉ ሦስት ነጭ ዘረኛ ወጣቶች ተጋፈጧቸው። ከሦስቱ አንዱ የሙሉጌታን ራስ በቤዝቦል ዱላ ደጋግሞ መትቶ ገደለው። ሙሉጌታ ለእነዚያ ልጆች ያደረገው አንዳች ነገር አልነበረም። ገዳዩ ጥፋቱን አምኖ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በ2011 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ሁለቱ ግብረ አበሮቹም ታሰሩ።

በወንጀል በኩል ጉዳዩ እዚያ ላይ ተዘጋ። ዱላውን የጨበጠው ተቀጥቷል፤ ልጆቹን ያነሣሣቸው፣ ያደራጃቸው፣ ጥላቻውን ያስተማራቸው ሰው ግን በካሊፎርኒያ በሰላም ይኖር ነበር። ቶም ሜትዝገር ይባላል፤ ዋይት አርያን ሬዚስታንስ የሚባል የነጭ ዘረኞች ድርጅት ይመራ ነበር። ሙሉጌታን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። እሱን ከፍርድ ፊት ያቆመው ዐቃቤ ሕግ አይደለም፤ የሟቹ ቤተሰብ ነው። ሞሪስ ዲስ የተባለው የአላባማ ጠበቃና ለዜጎች መብት የሚሟገተው ድርጅቱ ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር፣ ጥላቻን ከሚታገለው የአይሁድ ድርጅት ከአንቲ ዴፋሜሽን ሊግ ጋር ሆነው፣ ቤተሰቡን ወክለው በፖርትላንድ የፍትሐ ብሔር ክስ መሠረቱ። ሜትዝገር የፖርትላንድ ወጣቶችን እንዲያደራጅ የላከው ሰው ራሱ ለከሳሾቹ መሰከረ። በኦክቶበር 1990 ጁሪው፣ ማለትም ከተራ ዜጎች የተመረጠው ፈራጅ ጉባኤ፣ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደ። ይግባኙ አልተሳካም፤ የሜትዝገር ቤት ተሸጠ። ቤተሰቡ እጅ የገባው ገንዘብ ከተፈረደው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ያ ሰው እንደ ቀድሞው በገንዘብ የጠነከረ ድርጅት ይዞ መቀጠል አልቻለም።

ለዚህ ፍርድ የተለየ ሕግ አላስፈለገም። ሰውን ለጉዳት ያነሣሣ ካሳ ይክፈል የሚለው ተራው የኦሪገን የፍትሐ ብሔር ሕግ በቂ ሆኖ ተገኘ። በወንጀል ችሎት ጥፋቱ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት፤ በፍትሐ ብሔር ችሎት ግን ማስረጃው ወደ አንዱ ወገን ካጋደለ ይበቃል። ጠበቃ የሚመርጠው ተበዳዩ ነው። ማን ይከሰስ የሚለውንም የሚወስነው ተበዳዩ ነው። ፖርትላንድ ሙሉጌታ በተገደለበት ሰፈር በመንገድ ምልክቶች ላይ ስሙን በእንግሊዝኛና በአማርኛ ጽፋለች፤ ያ ሥራ የተሠራው በ2018፣ ከሞተ ከ30 ዓመት በኋላ ነው። በቀጣዩ ዓመት የኦሪገን ምክር ቤት በ1981 ያወጣውን የጥላቻ ወንጀል ሕግ አሻሻለ። በአሮጌው ሕግ ጥቃቱ ከባድ ወንጀል የሚሆነው አጥቂዎቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ነበር፤ አንድ ሰው ብቻውን በዘር ጥላቻ ተነሥቶ ቢደበድብ ወንጀሉ እንደ ቀላል ወንጀል ይታይ ነበር። ይህን ጉድለት ለማረም 38 ዓመት ፈጀ።

ወደ ዋሽንግተን እንምጣ። ኮንግረስ በ1990 የጥላቻ ወንጀሎች እንዲቆጠሩ የሚያዝ ሕግ አወጣ። ቆጠራው እስከ ዛሬ የተሟላ አይደለም፤ የአካባቢ ፖሊሶች ቁጥር እንዲልኩ ስለማይገደዱ ብዙዎቹ አይልኩም፣ ሌሎች ደግሞ ዜሮ ብለው ይልካሉ። የፍትሕ ሚኒስቴር ቤት ለቤት በሚያደርገው ጥናት የጥላቻ ወንጀል ደረሰብን የሚሉት በዓመት ወደ ሩብ ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ ለፌደራሉ የምርመራ ቢሮ ለኤፍቢአይ በ2023 ከፖሊሶች የደረሰው ሪፖርት ግን ከ12 ሺህ ያነሰ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ሰው ሁሉ ወይ ዝም ብሏል፣ ወይ ተናግሮ አልተመዘገበለትም። ከእነዚህ ውስጥ የእኛ ታክሲ ነጂዎች፣ የእኛ ሱቅ ጠባቂዎች፣ ነጠላ ለብሰው በእሑድ ጠዋት አውቶቡስ የሚጠብቁ እናቶች እንዳሉበት አልጠራጠርም።

ክስን በተመለከተ ደግሞ የ1968ቱ የፌደራል ሕግ የዘር ጥቃትን የሚቀጣው ተጠቂው ድምፅ ሲሰጥ፣ ትምህርት ቤት ሲሄድ፣ በሕዝብ አገልግሎት ሲጠቀም ወይም በሕጉ የተዘረዘረ ሌላ ነገር ሲያደርግ ከሆነ ብቻ ነበር። በ1998 በቴክሳስ ጥቁሩ ጄምስ ቤርድ፣ በዋዮሚንግ ግብረ ሰዶማዊው ተማሪ ማቲው ሼፐርድ በጭካኔ ተገደሉ። ያንን ገደብ ለማንሣት ግን 11 ዓመት ፈጀ። በሁለቱ ስም የተሰየመውን ሕግ ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት ኦክቶበር 28 ቀን 2009 ሲሆን፣ የፀደቀውም ከመከላከያ ሕግ ጋር ተያይዞ ነው። ይህ ሕግ በጾታ ምክንያት የሚፈጸም ጥቃትንም ጨምሯል። ስለዚህ ክፍል የምለው አለኝ፤ አስቀድሜ ግን ወደ ወሲባዊ ጥቃት ልሻገር።

ኤፍቢአይ አስገድዶ መድፈርን ሲቆጥር ከ1927 ጀምሮ እስከ 2012 ድረስ የተጠቀመበት ትርጓሜ ወንድን ከተጠቂነት ያስወጣ፣ በኃይል የተፈጸመ ካልሆነ በቀር የማይቆጥር ነበር። ራሷን ስታ ሳለ የተደፈረች ልጅ በአገሪቱ ቁጥር ውስጥ ላትገባ ትችል ነበር። በትዳር ውስጥ የሚፈጸም አስገድዶ መድፈር በሁሉም ግዛቶች ወንጀል የሆነው በ1993 ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን በጥሞና ልንሰማው ይገባል። የአገራችን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም ከጋብቻ ውጭ ሲሆን ይላል። በዚህ ምክንያት ከእኛ ዘንድ የመጣች ሴት ባሏ በግድ የሚፈጽምባት ነገር እዚህ ወንጀል መሆኑን ላታውቅ ትችላለች። ባልየውም ላያውቅ ይችላል። አለማወቁ ከተጠያቂነት አያድነውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ደረስኩ። በጁን 1990 የሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ ሊቀመንበር የነበሩት ጆ ባይደን በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከት ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። ኮንግረስ አራት ዓመት ሙሉ ምስክር ሰማ። ተደፍረው ወደ ፖሊስ ሄደው የተሳቀባቸው ሴቶች፣ ሐኪሞች፣ ዐቃቤያነ ሕግ ቀርበው ተናገሩ። ፍርድ ቤቶች በሴቶች ላይ ያላቸውን አድልዎ የመረመሩ የ21 ግዛቶች ሪፖርቶች ተነበቡ። ሕጉ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1994 ሲፈረም 1.6 ቢሊዮን ዶላር ለመጠለያ፣ ለፖሊስ ሥልጠናና ለዐቃቤያነ ሕግ መደበ። ሁሉም የሚያስታውሰው ያንን ገንዘብ ነው፤ ብዙ መልካም ሥራም ሠርቷል። ከሁሉ በላይ የምወደው አንቀጽ ግን ሌላ ነበር። ሰው ሁሉ በጾታው ምክንያት ከሚፈጸም የኃይል ወንጀል ነፃ የመሆን መብት አለው ይላል፤ ይህ መብት ከተጣሰ ተጠቂዋ አጥቂዋን ራሷ በፌደራል ፍርድ ቤት ከሳ ካሳ ማግኘት ትችላለች። ዐቃቤ ሕግ ክስ መሠረተ አልመሠረተ፣ አጥቂው ተፈረደበት አልተፈረደበት፣ መንገዱ አይዘጋባትም።

ሕጉ መደፈር ሁሉ ያለ ምርመራ በዚህ አንቀጽ ይገባል አላለም። ከድርጊቱ ጀርባ፣ በከፊልም ቢሆን፣ በጾታ ላይ የተመሠረተ ጥላቻ መኖሩ መረጋገጥ ነበረበት። ጥቁሩን በጥቁርነቱ የደበደበ ሰው የዜጋ መብት እንደጣሰ ሁሉ፣ ሴቷንም በሴትነቷ ያጠቃ መብት ጥሷል ማለት ነው። ሁለቱን የጥቃት ዓይነቶች በአንድ ዓይን ያየ ሕግ ነበር። ለእኔ ይህ ኮንግረስ በዚህ ጉዳይ ካወጣው ሁሉ የላቀው አንቀጽ ነው።

ዕድሜው ስድስት ዓመት እንኳን አልሞላም። ሕጉ በወጣበት መኸር በቨርጂኒያ ቴክ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የነበረች ልጅ ሁለት የእግር ኳስ ቡድን ተጫዋቾች ደፈሩኝ አለች። የዩኒቨርሲቲው የዲሲፕሊን ጉባኤ ከሁለቱ አንዱን ጥፋተኛ ብሎ አገደው፤ ቆይቶ ግን ዩኒቨርሲቲው ቅጣቱ በዝቷል ብሎ አነሣለት። እሷም በዚያ አንቀጽ ከሰሰች። ቆይቶም የግዛቱ ግራንድ ጁሪ፣ ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚወስነው የዜጎች ጉባኤ፣ ለወንጀል ክስ የሚበቃ ማስረጃ የለም አለ፤ የቀራት መንገድ ያ አንቀጽ ነበር። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሜይ 15 ቀን 2000 አምስት ዳኞች ለአራት ሆነው አንቀጹን ሻሩት። በጾታ የተነሣ ጥቃት የኢኮኖሚ ተግባር ስላልሆነ ኮንግረስ ሕገ መንግሥቱ በግዛቶች መካከል ያለውን ንግድ እንዲያስተዳድር በሰጠው ሥልጣን ሊገዛው አይችልም አሉ። የእኩልነት ጥበቃ የሚሰጠው የሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያም የሚያስረው መንግሥትን እንጂ ግለሰብን አይደለም አሉ። የፍርዱን ሐተታ የጻፉት ዋና ዳኛ ዊሊያም ሬንኲስት ናቸው፤ ሕጉ ገና ረቂቅ ሳለ የፌደራል ፍርድ ቤቶችን በባልና ሚስት ክርክር ያጥለቀልቃል ብለው በአደባባይ የነቀፉት እኚሁ ሰው ነበሩ።

ይህ ፍርድ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴም ሕግ አውጪዎቹ ራሳቸው የመሰከሩት ነው። ፍርድ ቤቱ የግዛቶችን ሥልጣን ለመጠበቅ ነው የሻርኩት አለ። ነገር ግን 36 ግዛቶች ለዚያው ፍርድ ቤት ጽፈው አንቀጹ ይጽና ብለው ለምነው ነበር። አንቀጹ ይሻር ያለው አንድ ግዛት ብቻ ነበር። ሥልጣናችሁን ላስከብርላችሁ የተባሉት ወገኖች የራሳቸው ፍርድ ቤቶች ሴቶችን እንደሚበድሉ አምነው፣ ሌላ መንገድ ይኑራቸው ሲሉ አልተሰሙም። ያቺ ልጅ የተናገረችው እውነት ይሁን አይሁን በጁሪ ፊት ማስረጃ ቀርቦ ሳይመዘን ቀረ።

ጠባሳው በ2009ኙ ሕግ ላይ ይታያል። ጥቃቱ በዘርና በቀለም ምክንያት ከሆነ ዐቃቤ ሕጉ ጥላቻውን ካስረዳ ይበቃዋል፤ ያ ክፍል የቆመው ባርነትን ባስወገደው 13ኛ ማሻሻያ ላይ ነው። በጾታ፣ በአካል ጉዳትና በመሳሰሉት ምክንያት ሲሆን ግን ጥቃቱ ከግዛት ግዛት ንግድ ጋር መያያዙን ደግሞ ማስረዳት አለበት፦ አጥቂው የግዛት ድንበር ተሻግሮ እንደሆነ፣ መሣሪያው ከሌላ ግዛት የመጣ እንደሆነ። የተደፈረች ሴት መብት ቢላዋው ከየት እንደተገዛ በሚል ጥያቄ ላይ ሲንጠለጠል ማየት ያሳምማል። የኮንግረስ ረቂቅ ጸሐፊዎች ይህን የጻፉት ወደው አይደለም፤ የ2000ው ፍርድ አስገድዷቸው ነው።

ሥራውን ግዛቶችና ከተሞች ተረከቡት። የኒው ዮርክ ከተማ ምክር ቤት በዚያው በ2000 ዓመት መጨረሻ የተሻረውን አንቀጽ የሚተካ ሕግ አወጣ፤ ካሊፎርኒያ በ2002፣ ኢሊኖይ ከ2004 ጀምሮ ተከተሉ። በ2022 የኒው ዮርክ ግዛት በአዋቂነት ዕድሜያቸው የተደፈሩ ሰዎች፣ የይርጋ ጊዜው ቢያልፍባቸውም፣ ለአንድ ዓመት ብቻ እንዲከስሱ ፈቀደ። ከኖቬምበር 2022 እስከ ኖቬምበር 2023 ባለው ጊዜ ከ3 ሺህ በላይ ክሶች ቀረቡ። ብዙዎቹን ያቀረቡት እስር ቤት ሳሉ በጠባቂዎች ተደፈርን ያሉ ሴቶች ነበሩ። እነዚህ ሴቶች ታስረው ሳሉ ለማን አቤት ይሉ ነበር? ቁልፉን የያዘው ያው ሰው ነው። ሕግ አውጪዎች ጊዜውን ሲከፍቱላቸው ብቻ ነው ቁጥራቸው የታወቀው።

የጥላቻ ወንጀል ሕግ ሐሳብን ይቀጣል የሚሉ አሉ፤ ጥያቄው ክብር ይገባዋልና አላልፈውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1993 በዊስኮንሲን ጉዳይ ላይ ያለ አንድ ተቃውሞ የሰጠው መልስ ለእኔ ይበቃኛል፦ ሰው የፈለገውን ማመንና መናገር ይችላል፤ ደብድቦ ሲገኝ ግን ተጠቂውን በዘሩ መርጦ መደብደቡ ቅጣቱን ሊያከብደው ይችላል። አንድ ሰው በዘሩ ምክንያት ሲደበደብ ያ ዘር ያለው ሁሉ ከነገ ጀምሮ ወጥቶ መግባትን ይፈራልና።

አሁን ስለ ራሳችን ልናገር፤ የምታዝኑብኝ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ ነፃ ያወጣው ነበር። የ1996ቱ ሕግ ያንን አስቀርቷል፤ ለዚህ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና እነ መዓዛ አሸናፊ ብዙ ደክመዋል። ሕጉ ቢለወጥም ልማዱ ከእኛ ጋር ባሕር ተሻግሯል። ልጅቱ ተደፈርኩ ስትል ሽማግሌ ይላካል፤ የቤተሰብ ስም እንዳይጠፋ፣ ገመና እንዳይወጣ፣ የልጁ የመኖሪያ ወረቀት እንዳይበላሽ ይባላል። ሽምግልናን አከብራለሁ፤ ባልና ሚስት በገንዘብ ቢጣሉ፣ ወንድማማቾች በርስት ቢካሰሱ ሽማግሌ ይግባ። መደፈር ግን በሽምግልና የሚታረቅ ጠብ አይደለም። አባቶቼ፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ ወደ እናንተ ሲመጣ «ይህ የእኛ አይደለም» ብላችሁ ብትመልሱት ለልጅቱም ለማኅበረሰባችንም ትልቅ ነገር አደረጋችሁ።

ዝም ያለችው እኅታችን ብዙ ጊዜ የምትፈራው ወረቀቷን ነው። ባሏ «አስባርርሻለሁ» ይላታል። ያ የ1994ቱ ሕግ ለዚህ መልስ አለው፤ ይህ ክፍሉ አልተሻረም። ባሏ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ከሆነና ካጠቃት፣ እሱ ሳይፈርም፣ ሳያውቅም፣ በራሷ ስም ማመልከት ትችላለች። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የማመልከቻዋን ምስጢር ለአጥቂው አሳልፎ እንዳይሰጥ፣ በእሱ ወሬ ብቻ ተነሥቶም እንዳይወስንባት በሕግ ታስሯል። ባሏ ወረቀት ባይኖረው፣ ወይም አጥቂው ጎረቤት ወይም አሠሪ ቢሆን፣ በ2000 የተደነገገው ዩ ቪዛ አለ፤ አስገድዶ መድፈር፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ የቤት ውስጥ ጥቃት፣ ከባድ ድብደባ የደረሰበት ሰው መርማሪዎችን ከረዳ ማመልከት ይችላል። የጥላቻ ወንጀል በስሙ አልተዘረዘረም፤ ድብደባው ከባድ ከሆነ ግን በዚያ በኩል ይገባል።

እናቶች ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩልኝ፦ የተደፈረች ሴት ለፖሊስ ለማመልከት ባትወስንም እንኳን ማስረጃ የሚሰበሰብበትን የሕክምና ምርመራ በነፃ የማግኘት መብት አላት፤ ኮንግረስ በ2005 ግዛቶች የፌደራል ድጋፍ ገንዘብ ለማግኘት እንዲያሟሉት ያደረገው ነገር ነው። ምርመራው በብዙ ቦታ እስከ 5 ቀን ይደረጋል፤ ፈጥና ብትሄድ ይሻላል፣ ሳትታጠብ ብትሄድ ይበልጥ ይሻላል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ አማርኛ ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ልጇ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ባሏ፣ እንዲያስተረጉምላት ማንም ሊጠይቃት አይገባም።

የቀረው ችግር ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ ሁለቱም በሕግ አውጪዎች እጅ ናቸው። ዩ ቪዛ በዓመት 10 ሺህ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ወረፋ የሚጠብቁት ማመልከቻዎች በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። ቁጥሩን ከፍ ማድረግ የሚችለው ኮንግረስ ብቻ ነው። ሁለተኛው ለእኛ ይቀርባል። ለዩ ቪዛ ለማመልከት ተጠቂዋ መርዳቷን ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ወይም ዳኛ በፊርማው መመስከር አለበት፤ የፌደራሉ ሕግ ግን ፈርሙ ብሎ አያስገድድም። እንደገና የሴቲቱ ዕጣ በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ ወደቀ። ካሊፎርኒያ በ2015 ባወጣችው ሕግ መሥሪያ ቤቶቿ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመልሱ አስገደደች፤ በኋላም ወደ 30 ቀን አሳጠረችው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያም የጊዜ ገደብ አውጥተዋል። እንግዲህ ለምርጫ በራችሁን የሚያንኳኳ የምክር ቤት ዕጩ ሲመጣ ስለ ግብርና ስለ መንገድ ከጠየቃችሁት በኋላ ይህንንም ጠይቁት፦ የእኛ ካውንቲ ፖሊስ ባለፈው ዓመት ስንት ጥያቄ ቀረበለት፣ ስንቱን ፈረመ፣ ስንቱንስ በስንት ቀን መለሰ? የማያውቅ ከሆነ አጣርቶ እንዲመለስ ንገሩት።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ልስማችሁ። በሰው ፊት ለመናገር የማይመቻችሁ ካላችሁ፣ አዳራሹ እስኪዘጋ ድረስ እዚህ እቆያለሁ።